ፍሬን ውስጥ የገባ ጸበል

መኪናዬ ፍሬን አልነበራትም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪኩን የነገርኩት ሰው ሁሉ መሀል ላይ አቋርጦኝ፣ "ታዲያ ለምን ገፍተህ አላወጣሃትም?" ይለኛል። ፍሬን የላትማ! ከጋራዣችን አፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው መውጫ ቁልቁል ነው። ማዶ ደግሞ የጎረቤታችን የፖስታ ሳጥን አለ፤ በጡብ የተገነባ፣ ዙሪያውን አበባ የተተከለበት። ጎረቤታችን ያንን ሳጥን ከልጆቿ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ነው የምትወደው። ስለዚህ እናንተም ልትጠይቁኝ አስባችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ከአሁኑ ተዉኝ።

ነገሩ የተጀመረው በጩኸት ነው። ከምሠራበት ሆቴል ወጥቼ ወደ ቤት ስመለስ፣ መብራት በያዘኝ ቁጥር መኪናዬ "ሲጢጥ" ትላለች። አጠገቤ የቆሙ ሰዎች ዞር ብለው ያዩኛል። እኔ ደግሞ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ አልወድም።

መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ትንሽም ናት። ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ የጀርባ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ስትታይ አስቤዛ ለመሸመት የተሠራች የምትመስል ናት። ሆዷ ውስጥ ግን ቱርቦ አላት፤ ነዳጅ ሲረገጥባት ወንበሩ ጀርባ ይመታል። የፋብሪካዋን ስም አልናገርም። አምራቾቿ ምንም አላጠፉም፤ ጥፋቱ ሁሉ የኔና የቤተሰቤ ነው። የገዛኋት እዚሁ ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ከሚማር ልጅ ሲሆን፣ እሱ ያበላሸውን ሁሉ ቀስ በቀስ መልሼ አስተካክያለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። መጽሐፍ አነበብኩ፣ ቪዲዮ አየሁ፣ አበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን እንደገና ሠራሁ።

የሚጮኸው ያለቀው የፍሬን ሸራ ነው፤ ሸራ መቀየር ደግሞ ቀላል ሥራ ነው ይላል ቪዲዮው። ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ጋራዡ ውስጥ አንድም የሽንኩርት ጆንያ የለም። ብሎኑን በሁለት ጣት ነካ አድርጎ ይፈታውና ካሜራውን አይቶ ፈገግ ይላል። የኔን ብሎን ነካሁት፤ አልተነቃነቀም። ዘይት ቀባሁት። በመዶሻ መታሁት። በእሳት አሞቅኩት። መጨረሻ ላይ መፍቻው ጫፍ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። ያኔ አንድ ነገር ተነቃነቀ፤ የተነቃነቅኩት እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ተጋድሜ ቀና ስል ብሎኑ እንደነበረ ቦታው ላይ ነው።

በስተመጨረሻ ተፈታ። እዚህ ላይ ብበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን አንድ በሽታ አለብኝ፤ ስሙም "እግረ መንገዴን" ይባላል። ሸራውን ስቀይር እግረ መንገዴን ዲስኩንም ልቀይር አልኩ። ዲስኩ ከተቀየረ አይቀር እግረ መንገዴን ትልቁ ይሁን። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ካሊፐርም ትልቅ መሆን አለበት። ካሊፐሩን ለማውጣት የፍሬን ዘይቱን ቱቦ መፍታት ግድ ነው፤ ቱቦው ከተፈታ እግረ መንገዴን አሮጌው የጎማ ቱቦ ወጥቶ በብረት ጥልፍ የተሸፈነው ይግባ። የፊቱ እንዲህ ካማረ የኋላው ምን በደለ? የኋላውን ስፈታ የእጅ ፍሬኑ ገመድ አብሮ ወጣ። በሳምንቱ አጋማሽ መኪናዬ ጎማዋ ወልቆ፣ ፍሬኗ ተፈትቶ፣ በብረት መደገፊያዎች ላይ አየር ላይ ተቀምጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኛል። አዲሶቹ ዕቃዎች በንጹሕ ጨርቅ ላይ በሚገቡበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር በምንኖርበት በኧርቪንግ ከተማ ውስጥ አልነበረም።

አባቴ ከቤት ወደ ጋራዡ በሚያስገባው በር ብቅ አለ። አባቴ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ስለ መኪና ያለው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፤ ይነሣል ወይ? ይቆማል ወይ? የኔዋ ያን ሰሞን ግማሹን ብቻ ነበር የምታሟላው።

"ስማ፣" አለኝ። "ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል።"

"ለማን?" አልኩት ከመኪናዋ ሥር።

"ለኔ!" አለ። "ለእህትህ ነዋ፣ ለማን ሊሆን ነው! እስከ ዛሬ አልሰማህም?"

ሰምቻለሁ። ቅዳሜ መሆኑን ግን አላስተዋልኩም። ብሎኑ ላይ ነበርኩ።

"ዘመድ ምሳ የሚበላው እዚህ ነው፣" አለ በእጁ ጋራዡን እያሳየ። "ጠረጴዛና ወንበር ተከራይቻለሁ። ይቺ ነገር ቅዳሜ ሽማግሌ ከመግባቱ በፊት በራሷ እግር ካልወጣች፣ ጎታች እጠራለሁ። የሚያውቀኝ አንድ አሮጌ ብረት የሚሰበስብ ሰው አለ። ወዴት እንደወሰዳት አትጠይቀኝ፤ እኔም አልጠይቀውም።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ—"

"ጨርሻለሁ።"

አባቴ የተናገረውን ያደርጋል። አንድ ጊዜ ድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ የዛተበትን ማቀዝቀዣ ከነቋንጣው መንገድ ዳር አውጥቶታል።

ከኋላው እህቴ ሕይወት መጣች። ሕይወት ነርስ ናት፤ እዚህ አገር የመጣችው በእናቴ ጀርባ ታዝላ ነው። ወለሉ ላይ የተደረደረውን ዕቃ አየችና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሶ፣ የዮናስ ሽማግሌዎች ሲመጡ የሚያዩት ፈርስት ቲንግ ይሄ ነው? ሲሪየስሊ?"

"ትወጣለች።"

"ማለቴ፣ በጣም ዲሴንት ሰዎች ናቸው፤ ነጠላ ለብሰው ነው የሚመጡት። ፕሮሚስ አድርግልኝ።"

"ፕሮሚስ።"

እንግዲህ ተቆረጠ። መኪናዬ ወይ ቅዳሜ ትወጣለች፣ ወይ ቆርቆሮ ትሆናለች።

ሥራው ራሱ አያስፈራኝም ነበር። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ኮፈኑ ተከፍቶ የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ እስካሁን አልተወለደም። የጋራዡን በር ከዘጋሁ በሙቀቱ እቀቀላለሁ፤ ከከፈትኩ ጋሽ ታደሰ ይመጣሉ። ጋሽ ታደሰ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። እዚህ ታክሲ ይነዳሉ፤ አገር ቤት ደግሞ በአሰብ መንገድ ነዳጅ የሚጭን ቦቴ ነድተዋል። መጥተው ባልዲ ገልብጠው ይቀመጣሉ። ከዚያ እናቴ ሳምቡሳ ታመጣላቸዋለች። አባቴ በዛተብኝ ቀን ሳምቡሳቸውን የት እንዳስቀመጡት ልንገራችሁ? አዲሱ ዲስኬ ላይ። ዘይት ፈጽሞ ሊነካው የማይገባ ብረት ቢኖር የፍሬን ዲስክ ነው።

"ጋሼ፣ እሱ ሳህን አይደለም።"

"አውቃለሁ፤ ግን ልክ መጥቷል፣" አሉ።

ዲስኩን ወስጄ በማጽጃ ማሸት ጀመርኩ። እሳቸው ደግሞ እናቴን አድማጭ አድርገው የአሰብን መንገድ ጀመሩ።

"በረሃ ላይ የፍሬን ዘይት ያለቀብን ቀን ምን እንዳደረግን ታውቂያለሽ? ውሃ! ሳሙና በጥብጠን ጨመርንበት። ከነጭነታችን ገባን!"

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ስህተት ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

"ውሃ ይፈላል ጋሼ። ፍሬን ሲግል ውሃው እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ማቆም አይቻልም።"

"የኛ አልፈላም።"

"እንዴት አይፈላም?"

"ዳገት ነበራ።"

እናቴ ሣቀች። ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ከባልዲው ሳይነሱ ሞተሩ ጋ በጣታቸው አንድ ነገር አሳዩአት። ምን እንደጠየቀች አልሰማሁም። የሳምቡሳ ዘይት እየጠረግሁ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሁሉም ነገር ገጠመ። ካሊፐሮቹ ገቡ፤ ቱቦዎቹ ታሰሩ። የቀረው አዲስ የፍሬን ዘይት ሞልቶ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው። ይህ በደንቡ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ቁጭ ብሎ አየሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ ሰው "ና ርዳኝ" ማለት ስለማይሆንልኝ የብቸኞችን ዘዴ መረጥኩ። ቀዳዳዎቹን በመጠኑ ከፍቼ ዘይቱ በራሱ ክብደት ጠብ ጠብ እያለ እንዲወርድ ማድረግ ነው። የዘይት ማጠራቀሚያዋን ነጭ ዕቃ እስከ መስመሯ ሞላሁ፤ ክዳኗን ላላ አድርጌ ጣል አደረግሁባትና ወደ ሥራ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ያቺን ነጭ ዕቃ ነው። ዘይቱ መቀነስ ነበረበት። ጨምሯል።

ቆሜ አሰብኩ። ዘይት ወደ ላይ አይወጣም። ዘይት አይወልድም። ወደ ኩሽና ገባሁ፤ እናቴ ለቅዳሜ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"እማዬ፣ ጋራዥ የገባ ሰው ነበር?"

"ማን ይገባል? ምነው?"

"የመኪናዋ ዘይት ጨምሯል።"

ቢላዋን አስቀመጠች። ፊቷ በራ። "ጨመረ? ተመስገን!"

"እማዬ፣ ምን አድርገሻል?"

"ምን አደርጋለሁ? ጠብ አደረግሁበት እንጂ።"

"ምን ጠብ አደረግሽበት?"

"ጸበል ነዋ!"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ስትለፋ አየሁህ፣" አለች። "አባትህ ደግሞ ካለ አለ ነው። ታደሰ ውሃ ይሆናል ሲል አልሰማህም? የቱ ጋ እንደሚጨመርም አሳየኝ። የሳሙና ውሃ ያን የሚያህል ቦቴ ካስገባ፣ ይሄማ!"

በሐሳቡ ውስጥ ቀዳዳ ፈለግሁ። የለም። ከጋሽ ታደሰ ተነሥቶ እናቴ ጋ እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ነገር በሥርዓት ተያይዟል። ያልታሰበበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መኪናዬ።

"እማዬ፣ ላወጣው ነው።"

"ምኑን?"

"ዘይቱን። አብሮት ያለውንም።"

"ጸበሉን!" አለች። ሽንኩርቱን ረሳችው። "አውጥተህስ የት ልትደፋው ነው?"

እኔ ያላሰብኩበት ይህ ነበር። የፍሬን ዘይት መርዝ ነው፤ መሬት ላይ፣ የቤት ፍሳሽ ውስጥ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይደፋም፤ ሕግ ይከለክላል። ጸበል ደግሞ የሰው እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ እናቴ ትከለክላለች። ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ማሰሮ ውስጥ ሲገቡ በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል የሚያርፉበት ቦታ ጠፋ። ሰው ፍሬን ሊሠራ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ይወድቃል?

እናቴ ስልኳን አነሣች። የነፍስ አባታችን ጋ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው።

"አባታችን፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ደህና ናችሁ? መኪና እየነዳሁ ነው፤ ቶሎ በይ።"

ነገረቻቸው። ከወዲያ በኩል መኪናቸውን ጥግ ሲያስይዙ ተሰማ።

"ፍሬኑ ውስጥ?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ አባቴ። በእምነት ነው።"

"በእምነት መሆኑንማ አልጠራጠርም።" ሣቃቸውን እየዋጡ መሆኑ ይሰማል። "ልጁ አለ? ስማ ልጄ፣ እንደዚህ ሆና ብትነዳ ምን ይመጣል?"

"ሲሞቅ ይፈላል፣ አባ። አልቆምም ትላለች።"

"እንግዲያው አውጣው። አንቺ ደግሞ ሌላ ጊዜ መኪናውን ከውጭ እርጪው፤ ውስጡን ለልጁ ተዪለት። ልጄ፣ አሮጌውን ዘይት የት ነው የምትወስደው?"

"የመኪና ዕቃ መሸጫው ውስጥ በርሜል አላቸው። ተሰብስቦ ይወሰዳል።"

"በእግር ይረገጣል?"

"አይረገጥም።"

"በቃ፣ እዚያ አድርሰው። በክብር አድርሰው።" ስልኩ ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ግን ሣቃቸው አመለጣቸው።

"በክብር" ያሉትን እናቴ እንደ ትእዛዝ ያዘችው። ዓርብ ከሥራ ስመለስ ዘይቱን በሙሉ ከማጠራቀሚያውም ከቱቦውም አወጣሁ፤ አዲስ ሞልቼ እሱንም እስኪጠራ ድረስ አሳለፍኩት። የወጣው ሁሉ ማሰሮ ውስጥ ገባ። እናቴ ማሰሮውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። መኪና ስለሌለኝ የወሰዱኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ማሰሮውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እሳቸውም ወግ ነው ብለው ከቀኝ መስመር ሳይወጡ፣ አውራ ጎዳናው ላይ የጭነት መኪና እየቀደመን ተጓዝን።

መሸጫው ውስጥ ያለው ሠራተኛ በርሜሉን አሳየን። ጨርቁን ፈትቼ ቀስ ብዬ መገልበጥ ስጀምር ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሠራተኛው እሳቸውን አየ፤ ማሰሮውን አየ፤ ነጩን ጨርቅ አየ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ እሱም ኮፍያውን አወለቀ። ስንወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ በእንግሊዝኛ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" የሚል ቃል ተናገረኝ። እዚህ አገር አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ በማሰሮ ይያዛል፤ የማን እንደመሰለው አላውቅም። አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ፔዳሉን ረገጥኩት። እርጥብ ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል ሰመጠ። ውስጡ አሁንም አየር አለ። ጠብ ጠብ የሚለው ዘዴ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ የለም። ሰው ያስፈልገኛል። የሚረግጥ አንድ እግር ብቻ!

ሕይወት ጋ ሄድኩ። ግማሽ ጸጉሯ ተተኩሷል፤ ግማሹ ቆሟል። "ዶንት ኢቨን፣" አለችኝ ከመናገሬ በፊት፤ እንዳትሞክረው ማለቷ ነው። እናቴ ድስት ላይ ናት። ጋሽ ታደሰ በረዶ ሊገዙ ሄደዋል፤ በሌላ ቀን የማይነሱበት ባልዲ ዛሬ ባዶውን ቀርቷል። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ስልኩን ይዞ መውጫው ላይ ይንጎራደዳል።

"ልደውል ነው፣" አለኝ።

"አባዬ፣ ሽማግሌ በተባለው ሰዓት መጥቶ ያውቃል? ገና ጊዜ አለ።"

በዚህ ተማምኜ ነበር። ቤቱ ሁሉ በዚህ ተማምኖ ነበር። የእህቴ እጮኛ ዮናስ ግን የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ከኛ ሰው ጋር በሰዓት ሲቀጥር እንኳ የምሩን ነው። ይህን ስናገር አንድ ረጅም መኪና ከአስፋልቱ ታጥፎ ከቤታችን ፊት ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ ላይ ነጠላ ደርበው፣ በዚያ ፀሐይ፣ አንድ በአንድ ወረዱ። በሰዓቱ።

አባቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ የዘይት ጓንቴን ከኋላዬ ደበቅሁ፤ መኪናዋን ግን የምደብቅበት ቦታ አልነበረኝም።

"ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?" አሉ የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ መኮንን። ከዋይሊ ከተማ ነው የመጡት፤ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን! ግቡ፣ ግቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!" አለ አባቴ በቤቱ በር በኩል ሊወስዳቸው እየሞከረ።

አልተወሰዱም። ኮፈኑ ተከፍቷል አላልኳችሁም? ሦስቱም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጋራዥ ገቡ።

"ፍሬን ነው የምትሠራላት?" አሉ አቶ መኮንን አጎንብሰው።

"አዎ፣ ጋሼ። አየር ይዟል።"

"ታዲያ ፔዳል የሚረግጥልህ ሰው የለም?"

ዓይኔ ወደ አባቴ ሄደ። እሳቸውም ቀና ብለው አዩት፤ ክስ ያለበት አስተያየት ነበር። ቀጥለው የመኪናዋን በር ከፍተው አንድ እግራቸውን አስገቡ።

"ኧረ በስመአብ! አይሆንም!" አለ አባቴ እየሮጠ። "እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ እኔ እያለሁ?"

"ምን አለበት፣ እግር ነው።"

"በፍጹም! ይውጡልኝ!"

"ግድ የለም ስልዎ!"

"በልጄ ሞት!"

ልጁ እኔ ነኝ። ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ ልክፈል ልክፈል ብለው የሚታገሉ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል፤ ስለ ፍሬን ፔዳል የሚታገሉ ሁለት ባለ ከረባት ሽማግሌዎች ግን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። አባቴ አሸነፈ። መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ ገብቶባት አያውቅም፤ አሁን ወንበሩ ውስጥ ጥልቅ ብሎ፣ ጉልበቱ መሪው ጋ ደርሶ፣ ፊቱ ቀልቶ ተቀመጠ።

"እህ?" አለ። "ምን ላድርግ?"

"ጫን ስልህ ጫን። ያዝ ስልህ ሳትለቅ ያዝ። ልቀቅ እስክልህ እንዳትለቅ።"

"አውቶቡስ ነው የምነዳው እኮ!"

ጎማው ጋ ተቀመጥኩ። "ጫን!" "ጫንኩ!" "ያዝ!" ይህን ስል አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እኛ ሰፈር ሰው ንግግሩን አቋርጦ አውሮፕላን ያሳልፋል፤ አባቴ ግን ተጨንቆ ስለነበር ያልሰማውን "ልቀቅ" የሰማ መሰለውና ለቀቀ። ቀዳዳው ክፍት ነበር፤ አየሩ ተመልሶ ገባ። እንደገና ከመጀመሪያው።

አቶ መኮንን በመካከል ቆሙና አስተላላፊ ሆኑ። "ያዝ ይላል ልጁ!" "ይዣለሁ በሉት!" "ይዘዋል ልጄ፣ እጅህን ይባርከው!" ሁለተኛው ሽማግሌ ዘይት የጎደለ እንደሆነ ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛው ጎማዎቹን እያንከባለሉ ያቀርባሉ። ጎማዎቹን ስገጥም ብሎን ማጥበቅ እንደሚችሉ ነገሩኝ፤ ከልካይ አልነበራቸውም፤ አጠበቁ። ዞር ሲሉ እያንዳንዱን በመለኪያ መፍቻዬ እንደገና ፈትሼ አጠበቅሁ። ዞር ብለው አዩኝ። ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ቅር ይበላቸው፤ ጎማ በይሉኝታ አይታሰርም።

ፔዳሉ እየጠነከረ መጣ። "ድንጋይ ሆነ፣" አለ አባቴ ከውስጥ፣ በሌላ ድምፅ። መኪናዋን በክሪክ አወረድኳት።

እናቴ በኩሽናው በር ብቅ ስትል ሽማግሌዎቹ ጋራዥ ውስጥ እጃቸው ጠቁሮ፣ ባሏ መሪ ይዞ አየች። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"እንግዲህ ያውጧት፣" አሉ አቶ መኮንን።

አባቴ ሞተሩን አስነሣ። ወደኋላ ለቀቃትና ቁልቁለቱን ጀመረ። እኔ የማየው የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን ብቻ ነበር። መሀል ላይ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች፤ አላንቋረረችም፣ አልጮኸችም። ለቀቀ፤ ያዘ፤ ቀጥ። አስፋልቱ ላይ ወርዶ አቆማት። ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ወርዶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልወረደም። ማርሽ አስገባ። ቱርቦው ሲያፏጭ ሰማሁ፤ ቀጥሎ አባቴ ጥግ ላይ ታጥፎ ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ለምን እንደቆሙ ታውቃላችሁ፤ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ፣ የቤቱም ባለቤት ተቀመጡ ሳይላቸው አይቀመጡም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ የለም። እናቴ በዓይኗ "ተናገር" አለችኝ። የቤቱ ወንድ ልጅ እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንግዳ ተቀብዬ አላውቅም።

"ይ… ይቀመጡ?" አልኩ።

"አባትህ ይምጡ፣" አሉ አቶ መኮንን፤ ላባቸው ከነጠላው ሥር ይንቆረቆራል።

መስኮት ላይ ሕይወት ታየች፤ ጸጉሯ አሁንም ግማሽ ነው። "አባዬ የት ሄደ?" አለችኝ በከንፈሯ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ። "ሽማግሌዎቹን ጥሎ?" ትከሻዬን ነቀነቅሁ። መጋረጃው ተዘጋ።

ከሌላኛው ጥግ መጣ። ያልሄደበት መንገድ የቀረ አይመስለኝም። መኪናዋን በጥንቃቄ መንገድ ዳር አቆማት። ወርዶ ኮቱን አስተካከለ፤ ከረባቱን ሳበ፤ በሩን እንደ ዕንቁላል ዕቃ በቀስታ ዘጋ። ፊቱ እንደ ወትሮው ኮስታራ ነው። እጁን ለሽማግሌዎቹ ዘርግቶ፣ "አስቆምኳችሁ፣ ይቅርታ። ግቡና ጉዳያችሁን ተናገሩ፤ እንሰማለን፣" አላቸው።

ገቡ። እኔ ጠረጴዛ ላወጣ ቀረሁ። አባቴ ሊከተላቸው ሲል በአጠገቤ ቆመ፤ ማንም እንዳይሰማ ጎንበስ አለ።

"ወደ ቀኝ ትንሽ ትስባለች፣" አለኝ። "ነገ አብረን እናየዋለን። እንዳትጀምር፤ ጠብቀኝ።"

አትስብም። ያ መንገድ ውሃ እንዲወርድ ወደ ቀኝ ዘንበል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ማንኛውም መኪና እዚያ ላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይህን ለክቼ አውቃለሁ።

"እሺ አባዬ፣" አልኩት። "እጠብቅሃለሁ።"